ልደቷ ጳጉሜ ስድስት

ነሐሴ 24/2003፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኛል። ዛሬም በሰው አገር፣ ቶንፒንግ ሰፈር፣ የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቁጭ። ጠዋት ክሊኒክ ነበርኩ። አዋላጇ በዓረብኛቸው «ሻሃር ቲሳ» ትወልጃለሽ አለች፤ ዘጠነኛው ወር ማለቷ ነው። እዚህ ወር የሚጠራው በቁጥር ነው። የነሱ ዘጠነኛ የኛ መጀመሪያ። ብቆጥር፣ ብቆጥር፣ ወይ ጳጉሜ ነው ወይ መስከረም። እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ ትማጸናለች፤ ወይ በሩፋኤል ውለጂ፣ ካልሆነ መስከረም እስኪጠባ ያዢው። እንደ ሽንት የሚያዝ መሰላት።

ነሐሴ 28፣ ጠዋት
ባለቤቴ ጋትሉዋክ ዛሬ አንድ ነገር ነገረኝ። በወረቀት ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። ልጅ ሆኖ ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ሲመዘገቡ፣ ቀኑን ላላወቀ ሁሉ የተጻፈው ያው ነው። መሥሪያ ቤታቸው ስምንት ሰው በአንድ ቀን ይወለዳል፣ አንድ ኬክ ይበቃል። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የኛ ልጅ ግን የራሱ ቀን ይኑረው፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ጻፊልኝ አለ። አንጀቴን በላው። ማስታወሻዬ፣ አደራውን ላንተ ሰጥቼሃለሁ።

ጳጉሜ 2
አማቴ ከወንዙ ማዶ፣ ከጉምቦ ድልድዩን ተሻግራ መጣች፣ ዓሣ ይዛ። ጋትሉዋክ መቼ ተወለደ አልኳት፤ ራሱ አስተረጎመልኝ። ዝናብ አልፎ ሳሩ ሲቃጠል፣ የመጀመሪያው ጭስ የታየ ዕለት አለች። ስንተኛ ወር? ወር ምን ያደርግልሻል፣ ጭሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ ብላ ተቆጣች። እሱ አንገቱን ደፋ። ዓሣው ግን ግሩም ነበር።

ጳጉሜ 3
ሩፋኤል። ልጅ የለም፣ ዝናብ ብቻ። ጸበል ነው ብዬ ግቢ ወጥቼ ከነሆዴ ተጠመቅሁ። ጎረቤቶቼ አበደች ብለዋል።

~~መስከረም 1/2004~~
ወለድኩ! ሴት። ከጠዋቱ 1፡20። በዘመን መለወጫ! አማቴ ኛማል ብላ ስም አወጣችላት። ታምራለች፣ አፍንጫዋ የኔ፣ ቁመቷ የአባቷ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት
እንኳን አደረሰሽ ልላት እማዬ ጋ ደወልኩ። ሳቀች። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት፣ ዓውደ ዓመት ነገ ነው አለችኝ። እንዴት ረሳሁ? ባገሬ ቢሆን በጉ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ላይ ያለውን ቀን ሰርዤዋለሁ። ጳጉሜ 6/2003። የራሷ ቀን ይኑራት ተብዬ፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን ልስጣት? አለቀስኩ። ጋትሉዋክ ጎረቤት ለጎረቤት የመስከረም ልጅ አለችኝ እያለ ይዞራል።

መስከረም 3/2004
ነገርኩት። ተንከትክቶ ሳቀ። እኔ ሠላሳ ዓመት ልደቴ አንድም ቀን ሳይመጣልኝ ኖሬያለሁ፣ እሷ አራት ዓመት ብትጠብቅ ምን ትሆናለች አለ። ከኪሱ የክሊኒኩን ወረቀት አወጣ። 11/9/2011፣ ሰዓቱ ሳይቀር። አጥፎ ይዘረጋዋል፣ አጥፎ ይዘረጋዋል። በፈረንጅ በየዓመቱ እናከብርላታለን፣ በኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ድል ያለ ድግስ።

የሱን ልደት ግን ወሰንኩ፣ ገና አልነገርኩትም። ለአማቴ ብቻ፣ ጎረቤት አስተርጉማልኝ፣ ነግሬያት እጄን ይዛ ሳመችኝ። ዘንድሮ ዝናቡ አቁሞ፣ ከጉምቦ ማዶ የመጀመሪያው የሳር ጭስ የታየ ዕለት ትደውልልኛለች። ስንተኛ ወር ይሁን ስንተኛ፣ ያን ቀን ኬክ እጋግራለሁ።