ጌታሁን ያየው ጉድጓድ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

የብስክሌቴን ካቴና በጋዝ አጠብኩ። የኋላ ጎማ አሁንም ይተነፍሳል። ባሌ ጌታሁን ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባ የሌለበት ቀን መቼ አለና! ቀበሌ ጽ/ቤት ከገባ ወዲህ ጌታሁንን የማየው ሲተኛ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የእኛ ነው ብሏል። በእንጦጦ አድርገን ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያ ወንዙን ይዘን ቁልቁል። ሳንቸኩል። መፈክር የለ፣ ጭብጨባ የለ። ከከተማ የመውጫ ወረቀቱን ራሱ ጽፎ ራሱ ማኅተም መታበት። ይኼም አናደደኝ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ለዚሁ ወረቀት ስንቴ ተመላለሱ?

ቅዳሜ 6፣ ከሰዓት

ዳገቱን ግማሹን ገፋነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እኔን በሱሪ ብስክሌት ላይ ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። ኬላው ላይ ዘቡ ወረቀቱን አይቶ ለጌታሁን ሰላምታ ሰጠ። የጌታሁን ደረት ተነፋ። አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ምን ልበልሽ! ቁልቁለቱ! ፍሬን ለቅቄ ጮህኩ። ሜዳው ቢጫ። በየአውድማው እህል ይወቃል። ጌታሁንም ሳቀ፣ የድሮውን ሳቁን። ይኼን የምጽፈው እግሬን ወንዙ ውስጥ ነክሬ ነው።

እሑድ 7፣ ጠዋት

ያደርነው እማማ ጫልቱ ቤት ነው። ጎማው ተንፍሶብን ስንገፋ አዩንና፣ ግቡ እንጂ ብርድ ይገድላችኋል አሉን። እርጎ ሰጡን። መደባቸውን ለቀቁልን። ልጃቸው ለውትድርና ተወስዷል፤ ሚስቱና ሦስት ሕፃናት እሳቸው ላይ ናቸው።

ጠዋት ጌታሁን ፊቱን ሊታጠብ ጓሮ ሲዞር፣ እማማ ጭዱን ገለጥ አድርገው ከጉድጓድ ገብስ ሲያወጡ ደረሰባቸው። ክው አሉ። ለመንግሥት የእህል ኮታ የተጠየቁትን አስረክበዋል፤ አሁን ደግሞ ጨምሩ ተብለዋል።

«የልጆቹ ነው የኔ ጌታ፣ ክረምቱን የምናልፈው በዚችው ነው» አሉት።

«አይዞዎት እማማ፣ እኔ ምንም አላየሁም።»

ኮራሁበት።

ማክሰኞ 9

ዛሬ የምጽፈው በንዴት ነው።

ትላንት በቀበሌው የውይይት ክበብ ስለ እህል ደባቂዎች ሲነሳ፣ ጌታሁን እጁን አውጥቶ ተናገረ። ማንም ሳይጠይቀው! ጭብጨባ አማረው። ከዚያ ቦታውን ንገረን ተባለ፤ ነገራቸው። መልእክቱ ወደ ሱሉልታ ተልኳል። ዓርብ እማማ ጫልቱ ቤት ለፍተሻ ይሄዱባቸዋል።

«ስማቸውን ጠራህ?»

«ኧረ አልጠራሁም። ቤቱን ነው የነገርኳቸው። ከወንዙ ማዶ፣ ትልቁ ጽድ ሥር ያለው...»

«ምንም አላየሁም አላልካቸውም?»

«አብዮት በእርጎ አይሸጥም» አለኝ።

በእርጎ! ሁለት ጣሳ ጨልጦ! ሳህኑን ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል አለ። ድምፁ ተሰባበረ። ለካ ይፈራል። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም።

ረቡዕ 10

የስፌት ሥራዬ ላይ ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ኃላፊዋ ምን ነካሽ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ማታ ጌታሁን ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። አልነካሁትም። ሂድና ተሳስቻለሁ በል አልኩት። እኔን ያስሩኛል አለ። እውነቱን ይሆናል። እሳቸውስ? እነዚያ ሕፃናትስ? ብርቱካኑን ራሱ ልጦ በላው።

ሐሙስ 11፣ ጠዋት

ጌታሁን ወጣ። ሥራ አልገባሁም። ወረቀት የለኝም፤ እሱንም አልለምንም። በኬላው አላልፍም፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ ብስክሌቱን እየገፋሁ ዞሬ ከኬላው ማዶ እወጣለሁ። ከተያዝኩም ልያዝ። ሳይመሽ እማማ ጫልቱ ጋ ከደረስኩ፣ ገብሱን አውጥተን ለየጎረቤቱ እናከፋፍለዋለን። ባዶ ጉድጓድ ያግኙ።

ስመለስ እዚህ ቤት አልገባም። ቀጨኔ፣ እናቴ ጋ ነኝ። ልብሴን በፌስታል አድርጌያለሁ፤ አንቺንም፣ ማስታወሻዬ፣ ከልብሴ ጋር እናቴ ጋ ጥዬሽ አልፋለሁ።

ለጌታሁን ምንም አልተውኩለትም። ወዴት እንደሄድኩ ይገባዋል። በእኔም ላይ እጁን አውጥቶ ይናገር እንደሆነ አያለሁ።