የፈውዚያ ሙክት

ጥር 10

ገበያ ዋልኩ። አምስት በግ አወጣሁ፤ ሁለት ሸጬ ሦስቱን መልሼ ነዳሁ። ዋጋ አልወደቀም... የወደቀው የኔ አፍ ነው።

አንዱ ገዢ የበጉን ጀርባ ዳበሰ፣ ጥርሱን አየ፣ ከጠራሁት ላይ ሁለት መቶ ብር ቀነሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛም እኮ ለፈውዚያ አዋጥተናል" አለ። ምን ይባላል? ሰጠሁት። ድሮ ቢሆን "ሂድ፣ ዶሮ ግዛ" እለው ነበር።

ልጄ ፈውዚያ ልቧ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት አራተኛ ወሯ። ያኔ የነበሩኝን በጎች ሁሉ ሸጬ የሕክምናውን ወጪ ሩብ አልሞላልኝም። የቀረውን የመካነ ሰላም ሰው ሞላው። ጁምዓ ከመስጊድ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን። ፎቶዋ አይሱዙ ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ ተለመነላት። እነሱ ባይኖሩ ልጄ ዛሬ አፈር ነበረች። አልክድም።

ጥር 14

ጎረቤታችን እትዬ አልታዬ ፈውዚያን መንገድ ላይ አስቁመው፣ "እስቲ ደረትሽን" አሏት። ገልጣ አሳየች። በዚህ ሳምንት ስንተኛዋ ናቸው? ጠባሳውን በጣት ይነካሉ። ግማሹ "ሱብሃነላህ" ይላል፣ ግማሹ ያማትባል። ይመርቃሉ። ክፋት የለባቸውም። ክፋት ቢኖርባቸውማ ቀላል ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ማታ፣ "አባ፣ እኔም ገበያ የወጣሁ መሰለኝ" አለችኝ።

ጥር 28

መምህር አሳምነው መጣ። የያኔው መዋጮ ሰብሳቢ እሱ ነበር። አሁን ደግሞ ለጆንያ ተሸካሚው ለመለሰ ሊሰበስብ ነው፤ ኩላሊቱ ካልተቀደደ አይተርፍም ተብሏል። የካቲት 16፣ የቅበላ ለት፣ ኳስ ሜዳው ላይ።

"አያ ኸባብ፣ ፈውዚያ መድረክ ትውጣልን። ሰው ጠባሳዋን ሲያይ ኪሱን ይፈታል።"

"ታፍራለች እኮ።"

"እኔስ ፎቶዋን ይዤ በር ለበር ስዞር አፍሬ ነበር?"

አላፈረም። ጫማው እስኪያልቅ ዞሯል። ኢንሻአላህ አልኩት። እንደ እሺታ ቆጥሮት ሄደ።

የካቲት 3

ለፈውዚያ ነገርኳት። የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈች። እራትም አልበላች።

የካቲት 8

እምቢ ብል፣ "የልጁ ሲያልፍ የሰው ረሳ" እባላለሁ። መባሉስ ይቅር፣ መለሰ ቢሞትስ? እሺ ብል ልጄን በሕዝብ ፊት ላስገልጣት ነው። በየት ይወጣል?

እንደ ነጋዴ አሰብኩት። ሰው የሚፈልገው የሚያየው ነገር ነው። ሌላ የሚታይ ልስጠዋ! ከወረኢሉ ያመጣሁት ትልቁ ሙክት አለ። ለቅበላ አትርፌ ልሸጠው ያስቀመጥኩት... በጨረታ ይውጣ።

ሚስቴን ባሲማን ጠየቅኳት።

"የሚያተርፍ የቀረን እሱ አይደል?" አለች።

"እሱ ነው።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? ንዳው።"

የካቲት 9

ለመምህሩ፣ "ልጄ አትወጣም፤ እኔና ሙክቱ እንወጣለን" አልኩት።

"በበግ አሥር ሺህ ብር ይገኛል? ካልሞላ ፈውዚያ ትወጣለች።"

"ስምንት።"

"አሥር።"

ተጨባበጥን። ከስንት ወር በኋላ ዋጋ ተከራከርኩ... እሱም በልጄ።

የካቲት 16

ሜዳው ሞልቷል። ፈውዚያ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። ጨረታው ከሁለት ሺህ ተነሣ፤ ሦስት፤ አራት። እዚያ ላይ ቆመ። መምህር አሳምነው ዞር ብሎ ወደ ፈውዚያ ተመለከተ።

ያኔ አፌ ተፈታ።

"እናንተ ሰዎች! ዳብሱት፣ ጥርሱን እዩ፣ ማየት በነፃ ነው! መለሰ ያልተሸከመለት ነጋዴ ማነው? እጁን ያውጣ! በኩንታል ተስማምታችሁ ኩንታል ተኩል ስታሸክሙት አላየሁም?"

ሳቁ። አንዱ፣ "አንተስ?" ብሎ ጮኸ። "እኔ በግ ነው የምነዳው፤ በግ በእግሩ ይሄዳል!" አልኩ። አምስት ሺህ ገባ። ያሸነፈው ከፍሎ፣ "ደግሞ ይሸጥ" ብሎ መለሰው፤ የእንዲህ ያለ ጨረታ ወግ ነው። ሁለተኛውም ከፍሎ ሙክቱን መለሰ። ሦስተኛው ላይ የሁሉም ድምር አሥር ሺውን አለፈ።

መጨረሻ ያሸነፉት እትዬ አልታዬ ናቸው። ገመዱን ያዙና፣ "ለፈውዚያ ሰጥቻታለሁ!" አሉ። እልልታው ቀለጠ።

እኔ ግን... ከዕዳ ልወጣ ነድቼው፣ ዕዳ ሆኖ ተመልሶ ቤቴ ገባ።

የካቲት 17

ሙክቱ ግቢዬ ታስሮ ሲጮኽ አደረ።

መጋቢት 6

መለሰ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለታል፤ መምህሩ ደወለ። አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ገበያ አንዱ፣ "እኛም አዋጥተናል" አለ። "ያዋጣችሁበት ግቢዬ ታስሯል፣ ሄደህ ዳብሰው፤ ይሄኛው የኔ ነው" አልኩት። ስቆ በጠራሁት ገዛኝ።

ሙክቱን ግን መሸጥ አልቻልኩም። ማን ደፍሮ ይገዛል? ማረድም የለም። እኛ ብናርደው ክርስቲያኑ አይበላ፣ እነሱ ቢያርዱት እኛ አንበላ። የሁሉም በግ ስለሆነ የማንም ቢላ አይነካውም። ድርቆሽ እየገዛሁ እቀልባለሁ።

ማታ እትዬ አልታዬ በበሩ አለፉ። "ፈውዚያ፣ እስቲ..." ሲሉ እጇ ወደ ሸሚዟ ቁልፍ ሄደ። "እስቲ ሙክቱን አሳዪኝ" አሏት።

እየሮጠች ፈታ አመጣችው። ጀርባውን ዳበሱ፣ ጥርሱን አዩ፣ መርቀው ሄዱ።