ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ከወታደር ማሠልጠኛው ክሊኒክ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ይባል የለ? እኔም ከወገቤ በላይ በጣም ደህና ነኝ። እንደው ሳትደነግጥ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

ባለፈው በስልክ «እግሬን ትንሽ አመመኝ» ያልኩህ ትንሽ አልነበረም። የዳሌዬ አጥንት ተሰንጥቋል። አልወደቅኩም፣ ማንም አልነካኝም፤ ከመራመድ ነው። «ደግሞ አጥንት ከመራመድ ይሰነጠቃል እንዴ?» ስትል ይሰማኛል። እኔም ሐኪሟን እንደዚያው ብዬ ጠየቅኳት። አጥንትም ይደክመዋል አለችኝ፤ ሳያርፍ ደጋግመው ሲጭኑበት እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንሰለፍ ረጃጅሞቹ ከፊት፣ አጫጭሮቹ ከኋላ ነን። ቁመቴን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ፤ መጨረሻ ላይ ነኝ። ከፊት የምትመራው የአልጋ ጎረቤቴ ናት፣ ቀጭኔዋ የምንላት። እሷ አንድ ስትራመድ እኔ አንድ ተኩል ያስፈልገኛል፤ ግን የሁላችንም እግር እኩል ካልወደቀ አሥር አለቃው ይጮሃል። ስለዚህ ተንጠራርቼ እራመዳለሁ። ጀርባዬ ላይ ደግሞ የራሴን ክብደት ግማሽ የሚያህል ሻንጣ አለ፤ እሱ እንደሆነ ረጅም አጭር ብሎ አይመርጥም።

መጀመሪያ የሚያመኝ ጉዞው ሲያልቅ ብቻ ነበር። ቆይቶ ገና ስንነሳ ያመኝ ጀመር፤ በኋላማ ተኝቼም አልተወኝ። አሥር አለቃው በየጠዋቱ «የታመመ እጁን ያውጣ» ይላል። አላወጣሁም። እጁን ያወጣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ለሚቀጥለው ዙር ይቀራል። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን አስቤ ነው። የተሸካሚ ልጅ ሸክም ከበደኝ ብላ ስትመጣ መናኸሪያው በሙሉ የሚስቅብህ መሰለኝ።

ቀጭኔዋ ግን ነቃችብኝ።

«አንቺ፣ ታነክሻለሽ።»

«ጫማው ነው።»

«ጫማማ እኔም አለኝ። ወይ ንገሪያቸው፣ ወይ እነግራቸዋለሁ።»

ነገረቻቸው። አኩርፌ ፊቴን አዞርኩባት። ሐኪሟ ራጁን አይታ «አንድ ጉዞ ብትጨምሪ ኖሮ አጥንቱ ለሁለት ይሰበር ነበር፤ ዕድሜ ልክሽን ታነክሺ ነበር» ስትለኝ ግን ኩርፊያዬ ብን አለ። ቀጭኔዋን አቅፌ አለቀስኩባት።

ሐኪሟ አሥር አለቃውን ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ትናንት በመስኮት ሳይ አጫጭሮቹ ከፊት ሆነዋል። ቀጭኔዋ ከኋላ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጠባብ ቀሚስ እንደለበሰች ሴት ትራመዳለች። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሆዴ ባባ። እዚያ ፊት ላይ እኔም በኖርኩ ብዬ ተመኘሁ።

እንግዲህ ዋናውን ልበል፤ ሁለተኛ ስለማልጽፈው ተመልሰህ አንብበው። አሰናብተውኛል። አጥንቱ በዕረፍት ይገጥማል፤ ሸክም ግን ከእንግዲህ አይቻልሽም አሉኝ። ወታደር አልሆንም፣ አባዬ። አለቀ።

ቅዳሜ ሁለት ክራንች ይዤ መናኸሪያህ እደርሳለሁ። «ሻንጣሽን ላንሳልሽ» እንዳትል! የወገብህን ነገር እማዬ ነግራኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘህ እንደምትነሳ፣ «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» እንዳልካትም ጭምር። ለካስ ካንተ የወረስኩት ቁመትህን ብቻ አይደለም። ከጓደኞችህ አንዱን ጥራልን። ዋጋ ተከራከረው፣ እንደ ደንበኛ ኮራ በልበት። እሱ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት ይሂድ። አንተ ወገብህን፣ እኔ ክራንቼን ይዘን ከኋላው እንከተላለን፤ ቀስ ብለን፣ በኔ እርምጃ።

አምላክ ወገብህን ይማርልኝ፣ አንተንም ያቆይልኝ።

ያንተው ጩጬ