ክፉው ግማሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1977

ዛሬ በሻይ ሰዓት ሲስተር ግዌን የአገሯን ቋንቋ አስጀመረችኝ። አገሯ ዌልስ ይባላል። መጠለያው ውስጥ ሳስተረጉምላት ወር ሞላኝ፤ እስከ ዛሬ እንግሊዝ ትመስለኝ ነበር። እንዲያ ብላት ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ አይባልም!

«ኦስ» የእኛ «ከ» ነው፣ «ከመጣ»፣ «ከዘነበ» ስንል። የእነሱ ግን ለብቻው ከፊት ይቆማል። «ኦስ ቢድ ሂን ቡሩ ግላው...» ከዘነበ እቤት እሆናለሁ። ደሴ ተቀምጦ የዝናብ ምሳሌ! ዝናቡ ጠፍቶ አይደል እንዴ ይኼ ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ የፈሰሰው? ብነግራት ደነገጠች፤ ሌላ ምሳሌ ስትፈልግ ሻይዋ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ዛሬ «ኦስ ና»። ካልመጣ፣ ካልበላ... ሁለቱንም ወገን ጻፊ አለችኝ፤ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ። ደግ ደጉ ቶሎ መጣልኝ። «ልጁ ካልበላ» ብዬ ጀምሬ ግን ተውኩት።

«ጨርሺው እንጂ ባይነሽ!»

እንዴት ብዬ? ሟርት እኮ ነው። ለእሷ ምሳሌ ብቻ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደብተሬን አይቶ «ይኼ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?» አለ። የግዌን አባት ከሰል ቆፋሪ ነው ብላኛለች። «የከሰል ቆፋሪዎች» አልኩት። ወዛደሮች መሆናቸው ደስ አለው፤ ደብተሬን መለሰልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ከገራዶ ሐዋ የምትባል እናት መጣች። ልጇ በሺር፣ ሦስት ዓመቱ። ሲመሽ አያይም አለች። ዓይኑ ደርቋል። ግዌን የቫይታሚኑን ፍሬ ቆርጣ አፉ ውስጥ ጨመቀችለት። «ነገ ሁለተኛውን ካልወሰደ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ ንገሪያት» አለችኝ።

ሐዋ አፌን አፌን ታያለች።

«ነገ አምጪው፣ እሺ? ለዓይኑ ደግ ነው» አልኳት።

«ኢንሻአላህ። አላህ ይስጥሽ እህቴ።»

ሌላውን ዋጥኩት። ማን ነው እናት ፊት ቆሞ ልጅሽ ይታወራል የሚል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሐዋ አልመጣችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ዛሬም የለችም። ግዌን «በደንብ ነግረሻታል አይደል?» አለች። «ነግሬያታለሁ» አልኩ... ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንሰበሰበው እነ ያለምወርቅ ጓዳ ነው። ነገ እዚያ ተንበርክኬ ምን ልል ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 17

መጣች። ስንዴ ይታደላል ተብሎ አራት ቀን ሰልፍ ይዛ ነበር። የበሺር ቀኝ ዓይን ነጭ ሆኗል። ግዌን ዓይኑን ገልጣ መረመረችው። የግራው ይተርፋል አለች።

ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ለሐዋ ነገርኳት።

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?»

«ሟርት እንዳይሆንብሽ ብዬ...»

«ወላሂ፣ ብትነግሪኝ ስንዴውን ጥዬ እመጣ ነበር።»

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለግዌንም ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። በማግሥቱ ቢመጣም ላይተርፍ ይችል ነበር አለች። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ አላውቅም። ዛሬ የቋንቋ ትምህርት የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ግዌን መድኃኒት ልታመጣ ኮምቦልቻ ወርዳለች። ፍሬውን መስጠት አስተምራኛለች፤ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምሰጠው። ከሪማ የምትባል እናት ልጇን አመጣች። ያው ደረቅ ዓይን። ሰጠሁትና፣

«ነገ ካመጣሽው ይድናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ካላመጣሽው...» የልጁን አገጭ ጠረግሁ። «ካላመጣሽው ሊታወር ይችላል።»

«አታሟርችብኝ!» ብላ ልጇን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

ሐዋ በሺርን ልታስመረምር ሰልፉ ላይ ነበረች። በሩ ላይ ቆመችባት። ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና ፊቱን ወደ ከሪማ አዞረችው።

«ስሚያት እህቴ። ለእኔ ደግ ደጉን ብቻ ነበር የነገረችኝ።»

ከሪማ በሺርን አየችው። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች።