ቡላን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከጎረምሶች ጋር እየተሻማህ ጣውላ ማንሳት ይቅርብህ ብዬህ ነበር፤ እንደማትሰማኝም አውቃለሁ። ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እኔ በምርኩዝ ነው የምሄደው፤ ግን እሄዳለሁ።

ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ሁለት ጊዜ መጋዘንህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ብነግርህ ትጮሃለህ፤ በጩኸት እኔም ካንተ አላንስም፤ ዋናው ነገር ሳይነገር እንለያያለን። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ከእንስሳት መጠለያው መጥተው ውሻውን ቡላን ከግቢህ ሲወስዱት፣ የጠቆማቸው ያ ረጅሙ ተሸካሚ ነው ብለህ ሰውየውን ከሥራ አባረኸዋል። እሱ አይደለም። የደወልኩት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ጠርተህ መልሰው፤ ይቅርታም ጠይቀው። የዚህን ደብዳቤ ቀሪ ከዚያ በኋላ ብታነበው ደስ ይለኛል።

ውሻውን ስረከብ አብረኸኝ ነበርክ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ፣ እሠራበት በነበረው ብየዳ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ አሮጌ ጋዜጦች ስለሆነ፣ ፊደል በከንቱ አላሳልፍም። የመጠለያዋን ሴትዮ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጬ የውሉን ሦስቱንም ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንተ «ኧረ ጋሼ፣ ቤት ነው እንዴ የምትገዛው? የውሻ ወረቀት እኮ ነው!» ስትል እሷም ሳቀች። አንቀጽ አራት፣ በሰንሰለት አላስርም ይላል። አንቀጽ ስድስት፣ ማቆየት ቢያቅተኝ ለመጠለያው እመልሳለሁ እንጂ ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጥም ይላል። ፈረምኩ።

ከዚያ ለእግሬ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስገባ ቡላን ላንተ ሰጠሁህ። አንቀጹ ጠፍቶኝ አይደለም። ወንድም ደግሞ መቼ ሌላ ሰው ሆነ ብዬ ነው። ባንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ያደግን ነን። እንዲህ አድርጌ ውሉን በራሴ ልክ ሰፋሁት። ጥፋቱ የጀመረው ከኔ ነው፤ አልክድም።

ከሆስፒታል ወጥቼ ልወስደው ስመጣ ከጣውላው ክምር ጀርባ አጭር ሰንሰለት ላይ አገኘሁት። እኔን ሲያይ ተወርውሮ ተነሳ፤ ሰንሰለቱ መልሶ ጣለው። ጸጉሩን ገለጥ ባደርገው አንገቱ ዙሪያውን ተልጦ እርጥብ ነበር። ሰንሰለቱን አወቅሁት። ለበርህ ብዬ እኔው የበየድኩልህ ነው፤ እንዳይበጠስ እያንዳንዱን ቀለበት ሁለት ጊዜ የደገምኩት።

ምን አደረግከው ብልህ፣ «አይ ጋሼ፣ ውሻ አይደል? በበላበት ይጩህ እንጂ! እሱ ከመጣ ወዲህ ሌባ ዝር ብሎ አያውቅም። አንተስ በዚህ እግርህ ልትሮጥበት ነው? እዚሁ ይቆይ» አልከኝ። ክፉ ስለሆንክ አይደለም። ውሉን እንደ ቀልድ ስለያዝከው ነው፤ እሱንም ከኔ ነው ያየኸው።

ሰንሰለቱን በእጄ ፈታሁለትና እዚያው ግቢህ ትቼው ወጣሁ። ይዤው ብሄድ ኖሮ የሆነው ሁሉ በኔና ባንተ መሃል ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ቤቴ ገብቼ ውሉን እንደገና አነበብኩትና ደወልኩ። ያንተን ከመናገሬ በፊት የራሴን ተናገርኩ።

በማግስቱ ከወሰዱት በኋላ ሴትዮዋ ቤቴ መጣች። አንቀጽ ዘጠኝ፣ አሳልፎ የሰጠ ሰው እንስሳውን መልሶ አይረከብም ይላል። እሷ ግን፣ «አባባ፣ እውነቱን የተናገሩት እርስዎ ነዎት። ቡላም ምግቡን ትቶ በር በሩን ነው የሚያየው። ይህችን አንቀጽ እንዳላየን እንለፋት» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። «እንዴት ያሉ ድርቅ ያሉ ሰው ነዎት!» ብላ ተቆጣች። ልክ ነች።

አንተም ይህንኑ ስለምትለኝ ላስረዳህ። ውሻ አይፈርምም። ተበደልኩ ብሎም ሽማግሌ አይልክም። እነዚህ ሰዎች ቡላን ከቦይ ውስጥ አውጥተው፣ የተሰበረ እግሩን አሳክመው፣ ስምንት ወር መግበው ለማያውቁት ሽማግሌ ሲሰጡ፣ በእጃቸው የቀረው ሦስት ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። እኛ ካላከበርነው ለሚቀጥለው ሰው ምን ተማምነው ይስጡ? ካልሰጡስ፣ ነገ ከመንገድ የሚያነሱትን የት ያስገቡት? ደግሞም ላንተ ሲሆን ያጠበቅኩትን አንቀጽ ለኔ ሲሆን ላላላው አልችልም። ታናሽ ወንድሜን ያዋረድኩበት ወረቀት ነው።

ቡላ አሁን ጡረታ የወጣች መምህርት ጋ ገብቷል አሉኝ። ግቢዋ ሰፊ ነው ይባላል። ሄጄ አላየሁትም። ብሄድ ይከተለኛል።

ለሴትዮዋ ያልነገርኳት ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ከሆስፒታል መልሰው ጠርተውኛል። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ስለ እግሬ አላነሳም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጀመሪያ የጠየቀኝ ዘመድ እንዳለኝ ነው። ሁለት ጊዜ ተላልፎ መሰጠት ለአንድ ውሻ ይበዛበታል።

የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ የቅርብ ዘመድ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ያንተን ስም ጽፌበታለሁ። ይህን ካነበብክ በኋላ ላትመጣ ትችላለህ፤ አልቀየምህም። ቦታው ባዶ ይቆያል እንጂ የሌላ ሰው ስም አላስገባበትም።

የምገባው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዋናው በር ጋ እቆማለሁ። ከዚያ በላይ መቆም አልችልም።

ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። የያዝከው ይባረክልህ፤ ቤትህ ሳቅ አይጣ። ክፉ አይይህ፣ ወንድሜ።

ታላቅ ወንድምህ