ለጤናዬ ብዬ የሄድሁት መንገድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪

ዛሬም እስከ ወንዙ መሻገሪያ ደርሼ ተመለስሁ። ሁለቴ ብቻ ነው የተቀመጥሁ። ባለፈው ሳምንት ከአጥሬ ወጥቼ ሾላው ሥር እስክደርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ወባ ጥሎኝ ስነሣ እግሬ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ሆነ። ወጌሻው አያ ይግዛው አይተው፣ «ከእንግዲህ መደብ ላይ ከዋልሽ እዚያው ትቀሪያለሽ» አሉኝ። ጧት ጧት መሄድ፣ ውኃ አፍልቶ መጠጣት፣ ስተኛ እግሬን ከፍ ማድረግ፣ ጨው መቀነስ። ጨውስ ጣሊያን ቡሬ ከገባ ወዲህ ራሱ ቀንሶልኛል።

ባሌ ከሞተ ቆየ። ልጅ የለኝም። እህቴ ሽንዲ ናት፤ መንገዱ ኬላ በኬላ ነው። አባቴ መሪጌታ ስለ ነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ የማናግረው ሰው ሳጣ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፣ ፲፫

ዘነቡን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ እንስራ አዝላ ስትመለስ። አጥር ለአጥር ነን። «እንዴት አደርሽ?» አልኋት። መሬት መሬት እያየች «እግዜር ይመስገን» ብላ አለፈችኝ።

ድሮ እሳት እንኳ የምንጫጫር ነበርን። ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ነው። አንድ ቀን የባንዳዎቹ አለቃ ሹምባሹ ሰላም ሲለኝ አይታለች። ሰላም ሲለኝ ምን ላድርግ? እጅ ነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ለጣሊያን ወሬ የማቀብል መስሏታል። በየማለዳው ስወጣም ጥርጣሬዋ ሳይብስ አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ ዶሮዬን ስቆጣ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ከዚያች ሰላምታ በቀር ቀኑን ሙሉ አልተናገርሁም ነበር ለካ።

ሐሙስ፣ ፲፬

የእግሬ እብጠት ጎደለ! ቁርጭምጭሚቴ ታየ። ደስ ብሎኝ መሻገሪያው ድረስ ሳልቀመጥ ሄድሁ።

ስመለስ ሹምባሹ ከሁለት ወታደር ጋር መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«በየማለዳው የት ነው የምትሄጅ?»

«የትም።»

«የትም የሚሄድ ሰው አለ?»

«ለጤናዬ ነው፤ እግሬን ታምሜ።»

ተሳሳቁ። ወንዙን ከተሻገሩ የአርበኞች አገር ነው። «ነገ ጣሊያኑ ምሽግ በር ቀርበሽ ታስረጃለሽ» አለኝ።

እህል አልቀመስሁም። ልሽሽ አልሁ። በዚህ እግር ወዴት?

ዓርብ፣ ፲፭

ቀረብሁ። ጣሊያኑ ሹም ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ከጎኑ። «ከወንዙ ማዶ ወሬ የምታደርሺ ለማን ነው?» አሉኝ። ነገሩ እውነት መሆኑን ላሳይ ብዬ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ እግሬን አሳየሁ። እግሬ ግን ድኗል። የደከምሁበት መዳን በእኔው ላይ መሰከረ። «ይህ ነው የታመመ?» አለ ሹምባሹ።

በሩ ላይ እንቁላል ሊሸጡ ከቆሙት ሴቶች መካከል ዘነቡ ወጣች። ቅርጫቷን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ጌቶቼ፣ እኔ አብሬያት ነው የምሄድ። ነሐሴ ላይ እግሯ ግንድ አክሎ ነበር። ወጌሻው ሂጂ ብለዋት ነው። ብትወድቅ ብዬ እከተላታለሁ።»

«አንቺን አይቼሽ አላውቅም» አለ ሹምባሹ።

«ከኋላ ነው የምሄድ። ማን ልብ ይለኛል?»

አስተርጓሚው ነገረው። ጣሊያኑ ሰለቸው መሰለኝ፣ እጁን አወናጨፈ። ሹምባሹ ግን በር ድረስ ተከትሎን፣ «መሻገሪያው ድረስ የለም፤ ሾላው ጋ ትመለሳላችሁ። ከነገ ጀምሮ ሁለታችሁንም ላያችሁ። አንዳችሁ ብትጎድል ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ» አለን።

 በራፏ ስንደርስ «ለምን?» አልኋት።

«መርዶ ሰልችቶኝ» አለችና ገባች።

ቅዳሜ፣ ፲፮

ሳይነጋ ተነሥቼ ጠበቅሁ። ትቀራለች ብዬ ነበር። ጎህ ሲቀድ አጥሬ ጋ ሳል ሰማሁ።

«ውጪ እንጂ! ውሸታም ልታሰኚኝ ነው?»

ስትሄድ ፈጣን ናት። አለከለክሁ። እርምጃዋን ዝግ አደረገች። ምሽጉ ላይ ሹምባሹ ቆሞ አየን፤ አንገታችንን ደፍተን አለፍን። ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ ስለ እሱ ጥቂት አወራን። ባሏን አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ሾላው ሥር እንደ ደረስን ድንገት ዞራ፣ «እውነት ወሬ አታቀብይም?» አለችኝ።

«በኪዳነ ምሕረት፣ አላቀብልም።»

ፊቴን ብዙ አየችው። «እንጃ» አለች።

ተከፋሁ። እሷም ያወቀችብኝ መሰለኝ፤ ስንመለስ ወደ ኋላ ቀርታ ሳይሆን ከጎኔ ሄደች። ስትለየኝ ፊቷን ሳታዞር፣ «ነገ እሑድ ነው። ቀደም ብለን ወጥተን ቤተ ክርስቲያን እንሳለም» አለች።

እሳለም አላለችም። እንሳለም ነው ያለች።