ከኪሷ ያወጣሁት ከረሜላ

ይድረስ ለልጄ ለካሱ ኦይታ፣ ሽሮ ሜዳ።

ልጄ ካሱ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው፣ የሸማው ሥራ አላደከመህም ወይ? ባለቤትህ ብርቅዬስ ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሹ አሞጽ ቆሞ ሄደ ወይ? የዚያ አገር ብርድ አልከበዳችሁም ወይ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አደራ ያልከኝ ልጅህ ፌቨን ሆስፒታል ተኝታለች። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርህ፤ ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት፣ የስኳር መድኃኒቷ ሊያልቅ ስለሆነ፣ ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ ወርደን ልናመጣ ተነሣን። በጠዋት መርፌዋን እንደ ልማዷ ራሷ ተወጋች፣ ከቆጮውም ቁራሽ ቀመሰች። ከቤት ስንወጣ ግን ከረሜላውን ከኪሷ አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አንተ ከረሜላ ከኪሷ እንዳይጠፋ፣ ድንገት ስትደክም ያድናታል ብለህ መክረኸኝ ነበር። ስኳር ለታመመ ሰው ከረሜላ፣ እሳት ለያዘው ቤት ክብሪት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁብህ። ልጅ አባቱን ሊያስተምር!

ወደ ከተማ የሚወርደው መኪና ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ይውጡ ቢለኝ፣ ከፍየል ጋር አልጫንም አልኩት። ይህን ቁልቁለት ጋቢ ተሸክሜ አርባ ዓመት ወርጄዋለሁ፣ ፌቨንንም በእግራችን እንሄዳለን አልኳት። እሷም እሺ አባባ አለች።

ቆላው ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፌቨን በላብ ተጠመቀች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ሙቀቱ መስሎኝ፣ ምነው የደጋ ልጅ፣ ቅቤ ነሽ እንዴ የምትቀልጪው ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ ብላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከረሜላዬ አለችና ማንጎ ሥር ወደቀች።

መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ወለቴ የምትባል ሴት ስኳር በጥብጣ ሮጣ መጣች። እኔም ስኳር በሽታ ያለባት ልጅ ናት ብዬ ብርጭቆውን መትቼ ደፋሁባት። አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷ እየሞተች ነው፣ ዞር በል ብላ ገፈተረችኝ። ሌላ ስኳር ልታመጣ ሄዳ እስክትመለስ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም፣ እኔ ግን እዚያው አረጀሁ። ስኳሩን በጣቷ ድዷ ላይ ቀባችላት። መኪና ለምና ያስቆመችልንም እሷ ናት። መኪናው ፍየል የጫነ ነበር። ወጣሁ።

ሐኪሙ መርፌው፣ የእግር መንገዱና ሙቀቱ ተደራርበው ስኳሯን አወረዱት፣ ሳትረዳ ብዙ ቆይታለች አለኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ አልነቃችም። ትተነፍሳለች። ትነቃለች ወይ ስለው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ይመልሳል። እናትህን ስቀብር ሰው ፊት እንዳላለቀስኩ ታውቃለህ። አሁን ወለል የምትጠርገዋ እንኳ አይታኛለች።

ነርሷ ደብዳቤውን እኔ ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ትበቃኛለች፣ የእኔን ጥፋት የሌላ ሰው እጅ አይጽፈውም አልኳት።

ይህን ያደረሰልህ የአውቶቡስ ሹፌር በማግስቱ ይመለሳል። ብርቅዬን ይዘህ በእሱ ና። ስትመጣ ካልፈለግህ እኔን አታናግረኝ። እሷን ብቻ ጥራት። እኔ ስጠራት አትሰማም፣ የአባቷን ድምፅ ግን ትለየው ይሆናል። ከረሜላ ገዝቼ መዳፏ ውስጥ አስይዣታለሁ። ጣቶቿ ሲላሉ መልሼ አጥፋቸዋለሁ።

ብርቅዬን አባቴ እግርሽ ላይ ወድቋል በላት። የአሞጽን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ። አብሮህ የሚሸምነውን በዛብህን እጅ ነሥቻለሁ፣ ለልጅቷም ጸልይላት በለው። የፌቨንን ሰላምታ ግን አልጻፍኩም። ራሷ ትንገራችሁ።

አባትህ ኦይታ
አርባ ምንጭ፣ የካቲት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.